የናጊሳኪ ታሪክ፣ ገጽ 214

በሥዕል ፊልሞቹ የሚታወቀው የጃፓኑ ናጊሳኪ ዲጂታል ስቱዲዮ በ2065 ዓ.ም. ሰባ አምስት ዓመት ሞላው። ጃፓኖች ድርጅታቸው ዕድሜ በቆጠረ ቁጥር ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ማሳተም ይወዳሉ። ናጊሳኪም በሃያ አምስት ዓመቱ አንድ፣ በሃምሳ ዓመቱ አንድ አሳትሟል። ሦስተኛውን፣ ፊልሞቻችንን የሚሠራው ሲስተም በአርባ ደቂቃ ጽፎ ጨረሰው፤ ስምንት መቶ ስድስት ገጽ። ነገር ግን አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አንብቦ በየገጹ ካልፈረመበት ሕጉ ታሪክ ተብሎ እንዲታተም አይፈቅድም። ስለዚህ ሰው ፈለጉ። ከሠራተኞቹ ሁሉ ረጅም ዓመት የቆየሁት እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ረድኤት ጉልላት እባላለሁ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። በስቱዲዮው የአዳማ ቅርንጫፍ አርባ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሰባት ዓመታት አራሚ ነበርኩ። አራሚ ማለት ሌላው የሳለውን አይቶ ስህተቱን በቀይ የሚያከብብ ሰው ነው። ሥራው ከቀረ ሃያ አራት ዓመት ሆነው፤ ዓይኔ ግን አብሮ አልቀረም። ሠርግ ቤት ገብቼ የሙሽራዋ ግራ ቅንድብ ከቀኙ በሁለት ሚሊሜትር ከፍ ማለቱን የማይ ሰው ነኝ። አይቼም ዝም አልልም። በዚህ የተነሳ ብዙ ሠርግ አልጠራም።

አሁን በቅርንጫፉ አርባ ሰዎች ነን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ጣታችንን አስነክተን እንገባለን፤ በየጠረጴዛችን ቁጭ ብለን እያንዳንዳችን አሥራ ሁለት መስመር እናሰምራለን። ስድስት ቀጥ ያለ፣ አራት ጎበጥ ያለ፣ ሁለት እንደፈለግን። ሲስተሙ መስመሮቹን ተቀብሎ በዚያን ቀን በዓለም ዙሪያ በሚታየው የናጊሳኪ ፊልም ሁሉ ውስጥ ይበትናቸዋል። የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የእኔ እጅ አለ፣ የሕፃን ሽፋሽፍት ላይ የጠረጴዛ ጎረቤቴ የናሆም እጅ አለ። ይህ ሁሉ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከሕንፃው አንወጣም፤ ፊልሙ ላይ «የሰው እጅ ያለበት» ተብሎ እንዲጻፍ ሰዎቹ ሕንፃው ውስጥ መገኘት አለባቸው። ሴቶቹ ሹራብ ይሠራሉ፣ ናሆም ጣሪያው ላይ ቲማቲም ያለማል። ቤት ደውለው ምን እየሠራችሁ ነው ሲሉን «ሥራ ላይ ነን» እንላለን፤ ውሸት አይደለም።

በወጣትነታችን ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ሲሉን እንናደድ ነበር። አሁን ሲስተሙ አለ፤ የሌለው ሌላው ነው።

መጽሐፉን ለማንበብ ሁለት ወር ተሰጠኝ። በቀን ሃያ ገጽ፣ ከመስመሮቼ በኋላ። አፍራለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። አራት ወጣቶች ቶኪዮ ውስጥ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ክፍል ተከራይተው በ1990 ዓ.ም. እንደጀመሩ ይናገራል። ታች የሚሽከረከሩት ማሽኖች ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጡባቸው ስለነበር የሚስሉት ማሽኖቹ ሲቆሙ ብቻ ነበር። በወረቀት ሥለው፣ በኮምፒውተር ቀለም ይቀቡ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው። መሥራቹ አቶ ሽጌኖ ሠራተኞቹን «ፈጥናችሁ አትሳሉ፤ ፈጥናችሁ ተመልከቱ» ይል እንደነበር ተጽፏል። እንዲህ ያለው ሰው አለቃዬ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ ሥራው እንዴት ከአገር አገር እንደተጓዘ ይተርካል። አንድ እንቅስቃሴ ለመሥራት ዋና ሠዓሊው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ይስላል፤ በመካከል ያሉትን ብዙ ሥዕሎች የሚሞላው ሌላ ሰው ነው። የመሃል ሥዕል እንለዋለን። መጀመሪያ መሃሉን ቶኪዮ ውስጥ ይሞሉት ነበር፤ ከዚያ ኮሪያ ሄደ፣ ከዚያ ቬትናም፣ በ2024 ዓ.ም. አዳማ መጣ። ያኔ ሦስት መቶ ሃያ ወጣቶች ተቀጠርን። ከእኛ ቀጥሎ የት እንደሄደ መጽሐፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል፦ «ከዚያ በኋላ መሃሉ የትም መሄድ አላስፈለገውም።» ፈረምኩ። ስህተት የለበትም።

ገጽ 214 ላይ ቆምኩ።

እንዲህ ይላል፦ «በዓለም ዙሪያ የናጊሳኪ ትንፋሽ ተብሎ የሚታወቀውን የማዳመጥ አኳኋን የፈጠረው መሥራቹ አቶ ሽጌኖ ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ ላይ በግልጽ ይታያል። እናቱ ሰው ስታዳምጥ ከነበራት ልማድ እንደወሰደው ይነገራል።»

እኛ ሰው ሲያወራን እንዴት እንደምናዳምጥ ታውቃላችሁ። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «እ» እንላለን። አገጭ ትንሽ ቀና፣ ቅንድብ ከፍ፣ ደረት ሞላ ይላል። አዎ ማለታችን ነው፤ ቀጥል ማለታችን ነው፤ አለሁልህ ማለታችንም ነው። የሚያደርገው ሰው እንደሚያደርገው አያውቅም። የውጭ ሰው ሲያየን የደነገጥን ይመስለዋል። ጃፓኖች ሲያዳምጡ አንገታቸውን ዝቅ ዝቅ ያደርጉ ነበር እንጂ ይህ አልነበራቸውም። አሁን አላቸው፤ ከጃፓንም አልፎ ናጊሳኪ በሚታይበት አገር ሁሉ ልጆች እንዲህ አድርገው ያዳምጣሉ። የተማሩት ከፉሚ ነው።

ፉሚ በናጊሳኪ ተከታታይ ፊልም ውስጥ በአንድ ባቡር ጣቢያ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ሰው ይመጣል፣ ምን እንደጠፋው ይነግራታል፣ ታዳምጣለች። ተከታታይ ፊልሙ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ እያንዳንዱ ቤት ሲስተሙ የሚሠራለትን የራሱን ፉሚ ነው የሚያየው። የጎረቤቴ ፉሚ በአማርኛ የጠፋ የፍየል ገመድ ትፈልጋለች፤ የሃኖይ ልጅ ፉሚ ሌላ ትፈልጋለች። በሁሉም ቤት አንድ የሚሆነው ትንፋሹ ብቻ ነው።

ወይዘሪት ሞሪታ ቶኪዮ ሆና መጽሐፉን የምትመራው ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጆሮዬ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ ንግግሯን በጣም ጨዋ በሆነ አማርኛ ስለሚያመጣልኝ አንዳንዴ ቤተ ክህነት ያደገች ይመስለኛል።

«ገጽ 214 ላይ ጥያቄ አለኝ» አልኳት።

«እየሰማሁዎት ነው፣ እመቤት ረድኤት።»

«ትንፋሹን የጀመሩት አቶ ሽጌኖ አይደሉም።»

ስክሪኑ ላይ አገጯ ቀና አለ፣ ቅንድቧ ከፍ አለ፣ ትንፋሿን ሳበች። አዳማ ገበያ ላይ የቆመች ሴት ትመስል ነበር። እንደምታደርገው አላወቀችም።

«በመጀመሪያው ፊልም ላይ ይታያል። ልላክልዎት?»

ላከችልኝ። አየሁት። እውነትም አለ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ወንድሙን እያዳመጠ ትንፋሹን ይስባል። ያንን ፊልም በ2024 ለሥልጠና ብለው ሁለት መቶ ጊዜ አሳይተውናል። ዓሣ አጥማጁ አንገቱን ነበር የሚነቀንቀው። ሲስተሙ የድሮ ፊልሞችን በየወሩ እንደሚያድስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀለም ያጠራል፣ ጭረት ያጠፋል። ይህንንም ያደርጋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

«ሳይታደስ የነበረውን ማየት እችላለሁ? ዋናውን?»

«ዋናው ይህ ነው» አለች በትሕትና። «ዋናው ምንጊዜም የመጨረሻው ነው።»

እያሾፈችብኝ አልነበረም። የትምህርት ቤት ልጅ እንኳ የሚያውቀውን ነገር ለአንዲት አሮጊት እያስረዳች ነበር። ቀጥላም ማስተባበያ ካለኝ ሰነድ አያይዤ መላክ እንደምችል ነገረችኝ። «ሰነዱ የአንድን ሠራተኛ ጥፋት የሚያሳይ ከሆነ ግን የዚያ ሠራተኛ መስመሮች ከሁሉም ፊልሞች እንዲወጡ ደንቡ ያዛል፤ ጠረጴዛውም ይዘጋል። ይህን አስቀድሜ መንገር ግዴታዬ ነው።»

«ሰነድ አለኝ» አልኳት። «ላስብበት።»

ሰነዱ፣ የአንድ ደብዳቤ ቅጂ፣ ከቤቴ ካርታ ጋር በአንድ ላስቲክ ውስጥ ነው ያለው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካርታውን ባወጣሁ ቁጥር እሱን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። አሁን ልናገረው።

በ2026 ዓ.ም. ጥር ላይ የፉሚ ክፍል ሠላሳ አንድ ወደ አዳማ መጣ። አንድ ሽማግሌ የሟች ሚስቱ ጃንጥላ ጠፍቶበት ለፉሚ ይነግራታል። ፉሚ ሁለት ሰከንድ ታዳምጣለች። ዋና ሠዓሊው መነሻውን ሥሏል፦ አፏ የተዘጋ። መድረሻውን ሥሏል፦ አፏ የተዘጋ፣ አንገቷ ትንሽ ዝቅ ያለ። መሃሉን የምትሞላው ማርሲላስ ንዋይ ነበረች። አብረን ነበር የምንኖረው፤ ቀበሌ ዜሮ አራት አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነን እንተኛ ነበር። እሷ ሣለች፣ እኔ አረምኩ።

መሃሉ ላይ ፉሚ ትንፋሿን ሳበች። ደረቷ ሞላ፣ አገጯ ቀና፣ ከዚያ ወደ መድረሻው ወረደች። ዋና ሠዓሊው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከሚያዝበት ሰንጠረዥ ውጭ ነው፤ የመሃል ሠዓሊ ከሰንጠረዡ መውጣት አይፈቀድለትም። አየሁት። አየሁትና ፈገግ አልኩ። ልጅቷ የምር የምታዳምጥ መሰለችኝ፤ ሽማግሌው አሳዘነኝ። ቀዩን ብዕር አስቀምጬ አሳለፍኩት።

ፊልሙ ከተላለፈ በኋላ ከቶኪዮ ቁጣ መጣ። «ልጅቷ ለምን ደነገጠች?» አሉ። የምክንያት ደብዳቤ ጻፉ ተባልን፤ ማን ሣለ፣ ማን አሳለፈ። እኔ ጻፍኩ። ሥዕሉን ያለ ስህተት ማጽደቄን፣ ማርሲላስ ንዋይ ግን ከጸደቀ በኋላ ያለ እኔ እውቅና እጇን አስገብታ መለወጧን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ፈርቼ ነበር። ፍርሃት ሌላውን ጥፋት ሁሉ ሊያስረዳ ይችላል፤ ቤት ገብቼ ሻንጣዋን መዝጋት ሲያቅታት ላዩ ላይ ተቀምጬ መዝጋቴን ግን አያስረዳም። ማን ምን እንደጻፈ አልነገሯትም። የነገሯት መሰናበቷን ብቻ ነው።

ስድስት ወር ሳይሞላ የጃፓን ልጆች ትንፋሻቸውን እየሳቡ ማዳመጥ ጀመሩ። ተመልካቾች «ፉሚ እኛን ትሰማናለች» ብለው ጻፉ። ቶኪዮ ያ ነገር በእያንዳንዱ ክፍል እንዲደገም አዘዘ። ስህተቱ ሲፈቀድ ተሳሳተች የተባለችው አልተጠራችም። እኔም ጥሯት አላልኩም።

ማርሲላስ ወንጂ እንደምትኖር አውቅ ነበር። ከአዳማ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አሥር ኪሎ ሜትር መሄድ ያቃተኝ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ያዝኩ። የዘንድሮ ባጃጅ ሹፌር የለውም፤ ሰው ስለሚሰለቸው ግን የሹፌር ወሬ ተጭኖበታል። ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አማቱ አወራኝ። አማት እንደሌለው እያወቅኩ አይዞህ እያልኩት ሄድኩ።

በሩን አንኳኳሁ።

«ማን ልበል?»

«ረድኤት ነኝ።»

«የትኛዋ ረድኤት?»

«የናጊሳኪዋ። አራሚዋ።»

«እሷማ ሞታለች ተባልኩ እኮ።»

«ማን አለሽ?»

«እኔው ነኝ ለራሴ ያልኩት» አለችና ከፈተችልኝ።

ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በወንጂ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ያስቀናል። አስቀመጠችኝ፣ ሸንኮራ በትንንሹ ቆራርጣ በሣህን አቀረበች። «ጥርስ ካለሽ» አለች።

«አለኝ፤ ግማሹ።»

«የውሸቱ ነው የእውነቱ?» አለችና ራሷ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሁሉንም ነገርኳት። መጽሐፉን፣ ገጽ 214ን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ አንድ ደብዳቤ እንዳለም። ከድርጅቱ ከወጣች ወዲህ ፉሚን አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ፊልሙ ሲከፈት ከክፍሉ ትወጣለች። ልጆች ትንፋሻቸውን ሲስቡ ብታይም እዚህ አገር ሁሉም ሰው እንዲሁ ስለሚያደርግ ምንም አልመሰላትም። ከዚያ ላስቲኩን አወጣሁ።

«ደብዳቤው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«መነጽሬን አላውቅም የት እንደጣልኩት። አንብቢልኝ።»

መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር። አነበብኩላት። አንድ ገጽ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የረዘመ ነገር በሕይወቴ አላነበብኩም። «ከጸደቀ በኋላ ያለ እኔ እውቅና» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። ጠበቀችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት። ስጨርስ ሸንኮራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ሻንጣው ላይ ስትቀመጪ ፊቴን አላየሽም።»

«ይቅር በይኝ ማለት...»

«ቆይ፣ ቆይ። እሱን ኋላ እናደርሰዋለን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ላይ የሣልኩትን ከየት አመጣችው ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«እንደ ሁላችንም ነዋ። ሳይታወቅሽ። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው።»

«እኔ ሳላውቅ የምሥል ሰው ነኝ?» ተቆጣች፤ እዚያ ቤት ከገባሁ መጀመሪያ የተቆጣችው ያኔ ነው። «አንቺን ነው የሣልኩት፣ ረዲ። ከሥራ ስንመለስ መንገድ ላይ አባቴ እንዴት እንደሞተ ነገርኩሽ፣ አስታወስሽ? ስለ እሱ ለሰው ያወራሁት ያኔ ብቻ ነው። አንቺ ትንፋሽሽን እየሳብሽ ሰማሽኝ። በማግስቱ ያ ሽማግሌ ከነጃንጥላው መጣ። ፉሚ ስታዳምጥ ምን እንደምትመስል አላውቅም። አንቺ ስታዳምጪ ምን እንደምትመስዪ ነው የማውቀው። እሱን ሣልኩ።»

ያሳለፍኩት ራሴን ነበር፤ የካድኩትም ራሴን ነበር፤ የተባረረችው ግን እሷ ናት። አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ ልክ ነበረች።

«ስለዚህ እንግዲህ» አለች፣ «መጽሐፉ ላይ ያንቺን ስም አስገቢ። ትንፋሹ ያንቺ ነው።»

«አንቺ ነሽ የሣልሽው። ስምሽ ይገባል።»

«እኔ ስሜን ምን ያደርግልኛል? ዕድሜ ልኬን የሰው ስም በካርድ ላይ ስጽፍ ኖሬ።» ጣቷን ደብዳቤው ላይ አደረገች። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከጸደቀ በኋላ አንድ መስመር አልነካሁም። እኔ ሥራ ካስረከብኩ በኋላ እጄን የማስገባ ሰው አይደለሁም። ድርጅቱ አባሮኛል፣ ያባር። ሌባ እጅ አላት ተብሎ ግን አይጻፍብኝ። እሱን ጻፊልኝ፤ ሌላው ይቅር።»

«ከጻፍኩት መስመሮቼን ያወጣሉ» አልኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ምናልባት እንድታዝንልኝ ነው።

«ታዲያ ይውጡ» አለች።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት መስመሬን ካሰመርኩ በኋላ የገጽ 214ን ማስተባበያ ጻፍኩ። አሥራ ሰባት ዓመት የሌላ ሰው ስህተት ስጽፍ ስለኖርኩ አልከበደኝም፤ በአራሚ አጻጻፍ ነው የጻፍኩት። ትንፋሹን ማርሲላስ ንዋይ በክፍል ሠላሳ አንድ እንደሣለችው። አራሚዋ ረድኤት ጉልላት አይታ፣ ወዳ፣ እንዳሳለፈችው። የምክንያት ደብዳቤው ሐሰት መሆኑን። ማርሲላስ ንዋይ ካስረከበች በኋላ አንድ መስመር እንዳልነካች። ደብዳቤውን አያይዤ ላክሁ። ናሆም ከጣሪያ ቲማቲም ይዞ ወርዶ «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የበራው?» አለኝ። ፈርቼ ነው አልኩት።

ወይዘሪት ሞሪታ ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ሦስት ደብዳቤ በወረቀት፣ በማኅተም መጣ፤ ጃፓኖች ከባድ ነገር ሲሆን እስካሁንም ወረቀት ይወዳሉ።

የመጀመሪያው ማስተባበያው እንዳለ በገጽ 214 እንደሚታተም ይገልጻል። ሁለተኛው መስመሮቼ በዚያው ቀን፣ ሐሙስ፣ በአምስት ሰዓት ከሁሉም ፊልሞች እንደሚወጡ፣ ጠረጴዛዬም እንደሚዘጋ ይገልጻል። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ስክሪን ከፍቼ ጠበቅኩ። ምንም አልሆነም። ዛፉ ዛፍ ነው፣ ፉሚ ፉሚ ናት። አርባ አንድ ዓመት ከውስጧ ሲወጣ ምንም አልጎደላትም። የመረረኝ ይኸ ነው፤ ሌላውን ችዬዋለሁ።

ሦስተኛው ለማርሲላስ የተጻፈ ነው። የ2026 ዓ.ም. ስንብት ሕጋዊ መሠረት እንዳልነበረው ስለተረጋገጠ ከጅምሩ እንዳልተደረገ እንደሚቆጠር፣ በዚህም መሠረት ወይዘሪት ማርሲላስ ንዋይ ዛሬም የድርጅቱ ሠራተኛ መሆኗን፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኞ በሁለት ሰዓት ተኩል በሥራ ገበታዋ እንድትገኝ ያዛል። ያለ ፈቃድ የቀረችባቸው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት በድርጅቱ ጥፋት ስለሆኑ ማስጠንቀቂያ እንደማይሰጣትም ጨምሮ ይገልጻል።

ወንጂ ወስጄ አነበብኩላት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ማስጠንቀቂያ አይሰጣትም!» ትላለች፣ ደግማ ትስቃለች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ስንት ሰዓት ነው ያሉት?» አለችኝ።

ሰኞ ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ፣ ፀጉሯን አስይዛ መጣች። በሩ ድረስ ሸኘኋት። የእሷ ጣት በሩን ከፈተው፤ የእኔ ጣት ከእንግዲህ አይከፍተውም። መግቢያው ላይ ዞር ብላ «ምሳ ይዤያለሁ፤ አትጠብቂኝ» አለች። ጠበቅኳት። ማዶ ካለው ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራ እየሞላኝ፣ እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅኳት።

ስትወጣ አየችኝና መንገዱን ተሻገረች።

«እንዴት ነበር?»

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አለች። «አሥራ ሁለቱም። አንዱም ቀጥ አላለልኝም።»

«መለሱልሽ?»

«ማን ይመልሳል? አራሚ የለ!» ጣቶቿን አጣጥፋ ዘረጋቻቸው። «ልክ አይደለም፣ ልድገመው አልኩ። ሲስተሙ አመሰግናለሁ ብሎ ወሰደው። ነገም እንዲሁ ሊሆን ነው።»

«ነገም ትመጫለሽ?»

«ተቀጥሬያለሁ እኮ» አለች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፉሚን ከፈትኩ። አንዲት ሴት ቁልፏ ጠፍቶባት ትናገራለች። ቆየሁ። የባንኮኒው ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ የሴትዮዋ ትከሻ ላይ፣ ከዚያ የፉሚ የአንገት ልብስ ላይ መስመሩ ጥቂት ሲርገበገብ አየሁ። ሌላ ሰው አያየውም፤ እኔ አየሁት። ከሰንጠረዡ ውጭ ነው። እጄ ልማድ ሆኖበት ቀይ ብዕር ፈለገ። በዚያች ሰዓት በሃኖይም፣ በቶኪዮም፣ በሌላውም ቤት ሁሉ መስመሩ እንዲሁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ስህተት ነው፤ በጣም ያምራል፤ አሳለፍኩት። ነገ ከቶኪዮ ማን አሳለፈው ብለው ቢጽፉ፣ እኔ ነኝ፣ አይቼ ነው ያሳለፍኩት እላለሁ።